ስህተቱን የማይናገር ቁጥር

በቀደም ቦሌ አካባቢ ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፔ ላይ የተከፈተውን ግራፍ አየና «ይሄ ደግሞ የየትኛው ባንክ ሲስተም ነው?» አለኝ። የባንክ አይደለም አልኩት። ፐልሳር የሚባል ኮከብ የሚልከው የራዲዮ ምት እንደሆነ፣ ከምቱ አመጣጥ ተነስቶ ኮከቡ ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት እንደሚቻል፣ እኔም ቅዳሜና እሁድ ይህን እየሞከርኩ እንደሆነ አስረዳሁት። ሳቀ። «ሐራ ባቡር ሳይገባ አንተ የኮከብ ርቀት ትለካለህ?» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ።

ቀልዱ አዲስ አይደለም። «ሆድ ሳይሞላ ህዋ»፣ «ቧንቧ ሳይገባ ሳተላይት» እየተባለ በየመልኩ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ፤ የሚናገሩት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ የሚሉትም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። አሁን ግን መልስ ልስጥ። መልሴ «ህዋ የሀገር ኩራት ነው» የሚለው የተለመደው መልስ አይደለም፤ እሱ ከቀልዱም ይብሳል፤ ለምን እንደሚብስ እመለስበታለሁ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ፐልሳር የሚለካ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ነገርና ሐራ ላይ የጎደለን ነገር አንድ ነው። እሱም ቁጥር ሲናገሩ ስህተቱን አብሮ መናገር ነው።

ሐራ ያደግሁባት ከተማ ናት። ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ከመርሳም ከወልዲያም ብዙ ሳትርቅ፣ ደጋው ወርዶ ወርዶ ወደ አፋር የሚዘረጋው ቆላ የሚቀበላት ቦታ። ሙቀቷን የማያውቅ ሰው ስሟን የሰማው በባቡር ምክንያት ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ግንባታውን የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከእኛ ወደ መቀሌ የሚቀጥል ሌላ መስመርም አለ። አዋሽ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ይጠብቃል። በካርታ ላይ ሲታይ ሐራ መስቀለኛ መንገድ ናት ማለት ነው።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ቀያሾቹ ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ መሣሪያቸውን አቁመው ሲሠሩ፣ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከበን እናይ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት፣ ደብተሩ ላይ ቁጥር ሲጽፍ አየሁት። ከቁጥሩ ጎን የመደመርንና የመቀነስን ምልክት ደራርቦ ሌላ ትንሽ ቁጥር አከለ። «ጋሼ፣ ይሄ መደመር ነው መቀነስ?» አልኩት። «ሁለቱም ነው» አለኝ። «ይቺን ታህል ልሳሳት እችላለሁ ማለት ነው።» ትልቅ ሰው፣ መሣሪያ ይዞ፣ ለዚሁ ደመወዝ እየተከፈለው፣ «ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ በጽሑፍ ሲያሰፍር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። መምህሮቼ እንዲያ አይሉም፤ ስብሰባ ላይ የሚናገሩ ሰዎችም እንዲያ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሐዲዱ የምሰማው በመቶኛ ሆነ። በዜና፣ በስብሰባ፣ በፌስቡክ «ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» ይባላል። የምኑ በመቶ? የአፈር ሥራው? የተከፈለው ገንዘብ? የተነጠፈው ብረት? መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ታዲያ ሐዲዱ ሙሉ በሙሉ ተነጥፎ ኃይሉ ባይገባ ስንት በመቶ ተጠናቀቀ እንበል? ተሳፋሪ ሆኜ ሳስበው መልሱ ዜሮ ነው። ሪፖርት ጸሐፊ ሆኜ ሳስበው ዘጠና ምናምን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ባለው ዜና አንባቢ አፍ ይወጣሉ።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በአካባቢያችን አለፈ። ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ሥራው ሁሉ ቆመ። ይህን ማንም አስቀድሞ በሪፖርት ውስጥ ሊጽፈው አይችልም ነበር፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። መዘግየቱንም ሁሉ በቁጥር አጻጻፍ አላሳብብም፤ ገንዘብም አለ፣ ፖለቲካም አለ። የምወቅሰው ሌላ ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊትም በኋላም ቁጥሩ ሲነገር «ኃይል ከገባ»፣ «ብድሩ ከተለቀቀ»፣ «ይህን ያህል ልንሳሳት እንችላለን» የሚል አንድ ቃል አብሮት አልነበረም። ቁጥሩ ራቁቱን ነው የሚመጣው። መደበኛ ባቡር ግን እስከ ዛሬ ሐራ ላይ አልጮኸም።

አያቴ ፊደል አልቆጠረም። ርቀት ሲናገር ግን ከዚያ ሪፖርት ይሻላል። እህቱ የምትኖርበት አገር ስንት ነው ብለህ ስትጠይቀው «አብሽር፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ወንዙ ካልሞላ። ከሞላ ግን እዚያው ከርመህ ትመጣለህ» ይልሃል። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ልብ በሉልኝ። መጠኑ አለ፤ ግማሽ ቀን። የመለኪያው ዘዴ አለ፤ በእግር። መጠኑ የሚጸናበት ሁኔታ አለ፤ ወንዙ ካልሞላ። ሁኔታው ሲፈርስ ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያድግም አለ። እርሻውንም በጥማድ ነው የሚለካው፤ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን ያህል። እኛ ተምረን ስንመጣ ይህን «ኋላቀር አለካክ» አልነው። በምትኩ ያመጣነው ግን ሁኔታውን የጣለ መቶኛ ነው።

ርቀትን በጊዜ መናገር ኋላቀርነት ከሆነ የሥነ ፈለክ ሰዎችም ኋላቀር ናቸው። የብርሃን ዓመት ማለት እኮ የአያቴ «የግማሽ ቀን መንገድ» ነው፤ ልዩነቱ የሚሄደው ብርሃን መሆኑ ብቻ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በአንድ ዓመት 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰዓትህ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ከተሳሳተ ርቀትህ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ስለዚህ ሩቅ ለመለካት የሚፈልግ ሰው ረጅም ሜትር አያስፈልገውም፤ የማይዋሽ ሰዓት ነው የሚያስፈልገው።

ፐልሳር እንዲህ ያለ ሰዓት ነው። ትልቅ ኮከብ ዕድሜው አልቆ ሲፈነዳ እምብርቱ ተጨፍልቆ ይቀራል። ክብደቱ ከፀሐይ የሚበልጥ፣ ስፋቱ ግን የአንድ ከተማ ያህል የሆነ ኒውትሮን ኮከብ ይሆናል። ይሄ ነገር ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከርም እንደ ባትሪ መብራት የራዲዮ ጨረር ይዞ ይዞራል። ጨረሩ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት እንሰማለን። መጀመሪያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1967 ኬምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል ናት። ምቱ በየ1.337 ሰከንዱ ይመጣ ነበር። ኋላ ደግሞ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ የሚዞሩ ፐልሳሮች ተገኙ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለዓመታት ሲታዩ ከአቶሚክ ሰዓት ጋር የሚወዳደሩ ናቸው።

ቤል የሠራችበት መሣሪያ ምን ነበር መሰላችሁ? መሬት ላይ የተተከሉ ከ1,000 በላይ የእንጨት ቋሚዎችና በመካከላቸው የተወጠረ ሽቦ። ቋሚዎቹን ከጓደኞቿ ጋር በመዶሻ እየመታች ተከለች። ከዚያ በየቀኑ ሠላሳ ሜትር ገደማ የሚረዝም የወረቀት መዝገብ እየዘረጋች በዓይኗ ታነብ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙ የማትበልጥ እንግዳ ጭረት አየች። «የመሣሪያ ችግር ይሆናል» ብላ አልጣለቻትም፤ «ትልቅ ነገር አገኘሁ» ብላም አልሮጠችም። ስህተት መሆን አለመሆኑን ደጋግማ አጣራች። እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማቱ ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ እሷ አልተጠራችም፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው። እኔ ግን «መሣሪያ የለንም» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የማስበው ያንን እንጨትና ሽቦ ነው።

ታዲያ ርቀቱ እንዴት ይታወቃል? ሁለት አህዮች ከወልዲያ ገበያ እኩል ተነሱ እንበል። አንዷ ባዶዋን ናት፤ ሌላዋ እህል ተጭናለች። መንገዱ ደረቅ ቢሆን እኩል ይደርሳሉ እንበል። ጭቃ ካለ ግን የተጫነችው ይበልጥ ትዘገያለች። ሐራ ላይ ቁጭ ብለህ በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለውን ጊዜ ከያዝክ በመንገዱ ላይ በጠቅላላው ምን ያህል ጭቃ እንደነበረ ታውቃለህ። በየኪሎ ሜትሩ ምን ያህል ጭቃ እንዳለ ካወቅህ ደግሞ የመንገዱን ርዝመት ታሰላለህ።

ፐልሳሩም እንዲሁ ነው። አንዱ ምት በብዙ የራዲዮ ሞገዶች ተሳፍሮ እኩል ይነሳል። በከዋክብት መካከል ባዶ የሚመስለው ቦታ የተበተኑ ኤሌክትሮኖች አሉበት፤ ጭቃው እነሱ ናቸው። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሞገድ ቀድሞ ይደርሳል፣ ዝቅተኛው ይዘገያል። መዘግየቱን በጣም በትክክል መለካት ይቻላል፤ እኔ እንኳ በላፕቶፕ ለክቼዋለሁ። ችግሩ ያለው «በየኪሎ ሜትሩ ምን ያህል ጭቃ አለ?» የሚለው ላይ ነው። ይህን የሚገምቱ የጋላክሲ ሞዴሎች አሉ። ግምት ግን ግምት ነው።

ግምቱ ሲስት ምን ይሆናል? ቬላ የሚባለውን ፐልሳር ውሰዱ። ለረጅም ዓመታት በዚህ ዘዴ 1,600 የብርሃን ዓመት ገደማ እንደሚርቅ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በራዲዮ ቴሌስኮፖች ቅንጅት በፓራላክስ ሲለካ 940 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው! ማንም አልተባረረም፤ ማንም መግለጫ አልሰጠም። የሆነው የጭቃው ካርታ መታረሙ ነው። ድሮም ቢሆን ቁጥሩ «ሞዴሉ ልክ ከሆነ» ከሚል ሁኔታ ጋር ነበር የተጻፈው። ወንዙ ካልሞላ እንደማለት።

ፓራላክስ ደግሞ ልጅ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። አውራ ጣትህን ዘርግተህ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ዓይንህ ብታየው ጣትህ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። ምድር በስድስት ወር ውስጥ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትሻገር 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ ትቀይራለች፤ ቅርብ ያለው ኮከብም ከሩቆቹ አንጻር ጥቂት ይንቀሳቀሳል። ፐልሳር ሲሆን ሌላም መንገድ አለ፤ ምቱ እየሰፋ እንደሚሄድ የውሃ ክብ ነውና ግንባሩ ጥቂት ጎብጧል። ጉብጠቱ ምቱን በዓመቱ ውስጥ በጥቂት ማይክሮሰከንድ ያስቀድመዋል፣ ያዘገየዋል። ከዚያች ጥቂት ማይክሮሰከንድ ርቀቱ ይወጣል። በእነዚህና በመሳሰሉ ዘዴዎች፣ ዓመታት በፈጀ ትዕግሥት፣ ጄ0437-4715 የሚባለው ፐልሳር 512 የብርሃን ዓመት እንደሚርቅ ይታወቃል፤ ስህተቱ ከአንድ የብርሃን ዓመት በታች ነው። ከሐራ ሰማይም ወደ ደቡብ ይወጣል፤ በዓይን ባይታይም እዚያ አለ።

እኔ ይህን ስሞክር ምን እንደሠራሁ ልናዘዝ። የመጀመሪያው ኮዴ አንዱን ፐልሳር በብርሃን ዓመት፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ አስከትሎ አተመልኝ። ደስ አለኝ። ስክሪኑ ላይ ሲታይ የሚያስፈራ ትክክለኛነት አለው። ግን የተጠቀምኩበት የጭቃ ሞዴል በዚያ አቅጣጫ በሃያና በሠላሳ በመቶ ሊሳሳት የሚችል ነው። ስድስቱ አኃዝ የእኔ አልነበሩም፤ ኮምፒውተሩ የሰጠኝ ጌጥ ናቸው። ኮዱ ሠርቷል፤ ውጤቱ ግን ውሸት ነበር። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን ጌጥ በየቀኑ እንሸጣለን። ዳሽቦርድ እንሠራለን፣ ክብ ቻርት እናዞራለን፣ «94.7 በመቶ» ብለን አረንጓዴ እንቀባለን። ከሥሩ ያለው ቁጥር በስልክ ተጠይቆ በግምት የተሞላ እንደሆነ እናውቃለን እኮ! ደንበኛው «ቆንጆ ነው» ሲል ዝም እንላለን። ስለዚህ ሪፖርት ጸሐፊውን ስወቅስ የራሴንም እጅ እያየሁ ነው።

ልማዱም ከየት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የላብራቶሪ ሪፖርት ስንጽፍ የስበት ፍጥነት 9.8 ካልወጣልን ቁጥሩን እንፈበርክ ነበር። አንድ ጊዜ የወጣልኝን፣ 9.3ን፣ ከነስህተቱ ጻፍኩና ማርክ ተቀነሰብኝ። ጓደኛዬ ያልለካውን 9.81 ጽፎ ሙሉ አገኘ። ያ ክፍል ያስተማረን ፊዚክስ አልነበረም። ያን የተማረ ልጅ አድጎ መሥሪያ ቤት ሲገባ ምን ዓይነት ሪፖርት ይጽፋል ብለን እንጠብቃለን?

አሁን «ህዋ የሀገር ኩራት ነው» ወደሚሉት ልምጣ። እነዚህ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን «አባቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር» ይላል። የባሕረ ሐሳብን ሊቃውንት ከልቤ አከብራለሁ፤ ስለማከብራቸውም ነው የሚያናድደኝ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው። ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ ሣልሲት 60 ራብዒት፣ ራብዒት 60 ኃምሲት፣ ኃምሲት 60 ሳድሲት ይሆናል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው፤ ሳድሲት ደግሞ 1.85 ማይክሮሰከንድ ገደማ! በአንድ ሳድሲት ብርሃን 555 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከላይ ያልኩት የምቱ ጉብጠት በሳድሲት ቢነገር ጥቂት ሳድሲት ነው። ለዘመናችን ረቂቅ ልኬት የሚመጥን ስም በግእዝ ተሰጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይሄ ያኮራል? አዎ፣ ያኮራል። ግን ስም መስጠት መለካት አይደለም። ሊቃውንቱ ሳድሲትን የሚቆጥር ሰዓት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የማይዛነፍ ስሌት ነው፣ በዓሉ በየዓመቱ የሚወጣበት፣ ተማሪው በጣቱ እየቆጠረ የሚያረጋግጠው። ውርሳቸው ያ ማረጋገጥ ነው። እኛ ማረጋገጡን ትተን ኩራቱን ብቻ ወረስን። «አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ብሎ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው አንድ ቀን ኬክሮስን ወደ ደቂቃ ቀይሮ ያውቃል?

ሁለተኛው ወገን የሳተላይት ወገን ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመነጠቅ በቀጥታ ሥርጭት አይቻለሁ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፣ አልዋሽም። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ፣ እዚያው እኛው ዞን ውስጥ፣ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የመትከል ሐሳብም ለዓመታት ሲነሳ ቆይቷል። አንዱንም አልቃወምም። የምቃወመው ነገሩ በተመነጠቀ ቀን ወይም ሪባን በተቆረጠ ቀን ማለቁን ነው። ከሳተላይቷ ምስል አንዱን ስንት የወልዲያ ተማሪ ከፍቶ አየው? የአንዱን ፒክስል ስህተት ስንቱ አሰላ? ጥያቄው ይህ ነው። ባንዲራ የተለጠፈበት ዕቃ ከበላያችን መዞሩ ብቻውን እኛን ለኪ አያደርገንም።

ጋና ምን እንዳደረገች እንይ። ኩንቱንሴ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ፣ 32 ሜትር ስፋት ያለው የቴሌኮሙኒኬሽን ሰሃን ነበራት። የባሕር ውስጥ ፋይበር መጥቶ ሥራ ሲያጣ አልቆራረጡትም። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነው ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቀየሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቀ። ቴሌስኮፑን ያደሱት ልጆች አሁን ሲግናልና ዳታ የሚያውቁ መሐንዲሶች ናቸው። እኛም ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ምድር ጣቢያ የሠራን ሰዎች ነን። ራዲዮ ደግሞ ከመስታወት ቴሌስኮፕ ይልቅ ለእኛ ይመቻል። የክረምት ደመና አይጋርደውም፣ ቀን ከሌሊት ይሠራል፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን የሰሜንም የደቡብም ሰማይ ይታየናል። ከአውሮፓና ከደቡብ አፍሪካ ቴሌስኮፖች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ውስጥ የተቀመጥነውም እኛ ነን።

«ይሁን፣ ግን ለሐራ ገበሬ ምን ይረባዋል?» ትሉኛላችሁ። በነሐሴ 2015 በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኔ ቤተሰብ ጥየቃ ሐራ ነበርኩ። ሥራዬ በኢንተርኔት ነው፤ በአንድ ሌሊት ሥራ ፈት ሆንኩ። አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ ስልኬ ላይ ካርታ ከፈትኩ። ካርታው አልመጣም፣ ባዶ ግራጫ ነው። ጥቂት ደቂቃ ስጠብቅ ግን ሰማያዊዋ ነጥብ ብቅ አለች። ያለሁበትን ታውቃለች! ዙሪያዋ ምንም የለም፣ መንገድ የለም፣ ስም የለም፤ እሷ ግን አለች። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከቴሌ ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ሰዓታቸውን ብቻ ይልካሉ፣ ስልኩ ከሰዓቱ ልዩነት ቦታውን ያሰላል። ኔትወርኩ ሲዘጋ ሰማዩ አልተዘጋም ነበር።

ከምድር በጣም የራቀ መንኮራኩር ግን ጂፒኤስም የለውም። ያለበትን የሚያውቀው ከምድር ተጠርቶ፣ መልስ ሰጥቶ፣ የመልሱ ጊዜ ተለክቶ ነው። ቮየጀር 1 ዘንድ አንድ ጥሪ ለመድረስ ብቻ ወደ 23 ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ነው ፐልሳሮችን እንደ ሰማይ ጂፒኤስ መጠቀም የታሰበው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ናሳ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሞከረው። አራት ፐልሳሮችን ብቻ እያዩ፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ፣ ቦታውን ከ16 ኪሎ ሜትር ባነሰ ስህተት አገኙት። ሙከራው በራዲዮ ሳይሆን በኤክስሬይ ነበር፤ ራዲዮ መንኮራኩር የማይሸከመው ትልቅ ሰሃን ይፈልጋል። የፐልሳሮቹን የሰዓት አጠባበቅ ለማጥናት ግን የምድር ራዲዮ ቴሌስኮፖች የዓመታት ልኬት ያስፈልጋል። ውጤቱ ሲነገርም «ተሳክቷል» ተብሎ ብቻ አልቀረም፤ ስህተቱ አብሮ ተነግሯል።

ይሄ ከገበሬው ይርቃል የሚል ካለ ያንን ቀያሽ ያስታውስ። የጂፒኤስ ስርዓት ትክክል የሚሆነው የምድር መዞር በየጊዜው ስለሚለካ ነው። የሚለካውም ኳሳር ከሚባሉ እጅግ ሩቅ የራዲዮ ምንጮች አንጻር ነው። ዛሬ ማንኛውም ቀያሽ በጂፒኤስ የሚተክለው ነጥብ፣ የሐዲድም ሆነ የገበሬው የይዞታ ድንበር፣ ጫፉ ጥልቁ ህዋ ውስጥ የታሰረ ነው። ህዋና እርሻ የተለያዩ የሚመስለን ገመዱን ሌላ ሰው ስለያዘልን ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ከ3,000 በላይ ፐልሳሮች ዝርዝር በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። የአውስትራሊያው የፓርክስ ቴሌስኮፕ የዓመታት ዳታም፣ መተንተኛ ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል። አንድ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ስህተትን የማይቀጣ መምህር ይበቃል። እያንዳንዱ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ እውነተኛ ነገር፣ ኮከብም ይሁን የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት፣ ለክቶ ከነስህተቱ ይጻፍ። 9.3 ያወጣው ልጅ 9.81 ከፈበረከው ይበልጥ ማርክ ያግኝ። የመንግሥት ፕሮጀክት ሪፖርትም መቶኛውን ሲናገር የምኑ መቶኛ እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደሚጸና፣ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ይናገር። የእኛ ሙያ ሰዎችም የማናውቀውን አኃዝ ከነጥብ በኋላ መደርደር እናቁም።

ለዚያ ለካፌው ወንድሜ አሁን መልሴ ይኸው። ጄ0437-4715 ከእኛ 512 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ቢበዛ በአንድ ልንሳሳት እንችላለን። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ሐራ ባቡር የሚገባው መቼ ነው? «በቅርቡ» አትበለኝ፤ በመቶኛም አትንገረኝ። አምስት ዓመት፣ ሲደመር ሲቀነስ አራት ዓመት ብትለኝ እንኳ እቀበልሃለሁ፤ ለሐራም ሰው ወስጄ እነግራለሁ። ብቻ ወንዙ ከሞላ ምን እንደሚሆን አብረህ ንገረኝ።